የመልቲቫይታሚን ጠርሙስ ጀርባ ከባሕር ዳር ማዕድ ጋር ሲመዛዘን

ባሕር ዳር ላይ መልቲቫይታሚን ወደ ቤት የሚገባው በሦስት በር ነው፦ ከፋርማሲ፣ ቅባትና ሽቶ ከሚሸጥበት የኮስሞቲክስ ሱቅ፣ ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ። በየትኛውም በር ይግባ፣ የጠርሙሱ ፊት የሚለው ያው ነው። «ለኃይል»፣ «ለፀጉርና ለጥፍር»፣ «በሽታ የመከላከል አቅምን ለማጎልበት»። ይህ ማስታወቂያ ነው። ቁጥሩ ያለው ጀርባው ላይ፣ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ያንን ለማንበብ የፋርማሲ ትምህርት አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግን ጽሑፉ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ክኒኑ የሚሞላው ጉድለት መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በቤት ከሚበላው ምግብና ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር ሲተያይ ነው፤ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ማዕድ ታስቦ የተቀመመ ክኒን ደግሞ የጣና ዳርን ማዕድ አያውቅም።

መልቲቫይታሚን ዕድሜ ያረዝማል ወይ ለሚለው ጥያቄ እስካሁን የተገኘው መልስ ብዙ አያጓጓም። አሜሪካ ውስጥ 14,641 ወንድ ሐኪሞችን ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት፣ በየቀኑ የወሰዱት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ8 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል፤ በልብ ሕመም በኩል ግን ልዩነት አላየም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና 390,000 ገደማ ጤነኛ አሜሪካውያንን የተመለከተው ትንታኔ ደግሞ ወሳጆቹ ካልወሰዱት የበለጠ ዕድሜ እንዳልኖሩ አሳይቷል። ሁለቱም የተካሄዱት ወተትና ሥጋ የዕለት ምግብ በሆነበት፣ ዱቄቱም ገና ከወፍጮ ሲወጣ በቫይታሚን በሚበለጽግበት አገር ነው። የጠገበ ሰው ላይ ያልታየ ጥቅም የጎደለበት ሰው ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ «ቫይታሚን ጥሩ ነው?» ሳይሆን «እኔ ላይ የጎደለው የትኛው ነው? ይህ ጠርሙስስ እሱን በበቂ መጠን ይዟል?» የሚለው ነው።

ከሰንጠረዡ አናት መጀመር

መጀመሪያ የሚታየው ከሰንጠረዡ አናት ላይ ያለው የአንድ ጊዜ መጠን ነው። ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ የተጻፈው ለአንድ ክኒን ሳይሆን ለዚያ መጠን ነው። መጠኑ 2 ክኒን ተብሎ ሰው በቀን አንድ ብቻ ቢወስድ የሚያገኘው ግማሹን ነው። 120 ክኒን የያዘ ጠርሙስም በዚህ ሒሳብ የሁለት ወር እንጂ የአራት ወር አይሆንም። ሁለት ጠርሙሶችን በዋጋ ለማነጻጸር ዋጋውን በክኒኑ ቁጥር ሳይሆን በሚያገለግለው ቀን ብዛት ማካፈል ነው። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

የመቶኛው ዓምድ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። መቶኛው የሚሰላው በአምራቹ አገር የማጣቀሻ መጠን ነው፤ ማጣቀሻው ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። 18 ሚሊግራም ብረት በአሜሪካ ጠርሙስ ላይ 100 በመቶ ተብሎ ይጻፋል፤ ያው 18 ሚሊግራም በአውሮፓ ጠርሙስ ላይ 129 በመቶ ነው፤ የአውሮፓ ማጣቀሻ 14 ሚሊግራም ነውና። ቫይታሚን ዲ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፦ 10 ማይክሮግራም በአሜሪካ 50 በመቶ፣ በአውሮፓ 200 በመቶ። ስለዚህ ከሁለት አገር የመጡ ጠርሙሶች ሲነጻጸሩ መቶኛውን ትቶ ሚሊግራሙንና ማይክሮግራሙን ማየት ነው። የቆየ ጽሑፍ ያለው ጠርሙስ በማይክሮግራም ፈንታ «አይ ዩ» የሚል መለኪያ ይዞ ይመጣል። ለቫይታሚን ዲ 40 አይ ዩ አንድ ማይክሮግራም ነው። ለሬቲኖል፣ ማለትም ለተዘጋጀው ቫይታሚን ኤ፣ 10,000 አይ ዩ 3,000 ማይክሮግራም ይሆናል።

አንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ሲነበብ

በገበያው ላይ የሚዘወተረውን ዓይነት ለምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ጊዜ መጠኑ 2 ክኒን ነው። ቫይታሚን ኤ 1,500 ማይክሮግራም፣ ግማሹ ከቤታ ካሮቲን፤ ቫይታሚን ሲ 250 ሚሊግራም፤ ዲ3 25 ማይክሮግራም፤ ቢ6 25 ሚሊግራም፤ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም፤ ቢ12 100 ማይክሮግራም፤ ባዮቲን 5,000 ማይክሮግራም፤ ብረት 18 ሚሊግራም፤ ዚንክ 25 ሚሊግራም፤ ማግኒዥየም ኦክሳይድ 50 ሚሊግራም፤ ካልሲየም 100 ሚሊግራም፤ መዳብ የለም። ከታች «የ30 ፍራፍሬና አትክልት ቅልቅል፣ 50 ሚሊግራም» የሚል መስመር ይከተላል።

ከመጨረሻው እንጀምር። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን 500 ሚሊግራም መድኃኒት ይይዛል። 50 ሚሊግራም የእሱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ያቺን ቅንጣት 30 አትክልት ይካፈሏታል። አንድ ጉርሻ ጎመን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የእያንዳንዱ ድርሻ ሳይገለጽ በድምር ብቻ የተጻፈ ቅልቅል ሲያጋጥም እንደሌለ ቆጥሮ ማለፍ ይሻላል።

ካልሲየሙም እንዲሁ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ይፈልጋል። ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ንጹሕ ካልሲየሙ 40 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የቀኑን በሙሉ ልያዝ ቢል ክኒኑ ለመዋጥ ይከብዳል። ስለዚህ አምራቾች ስሙ ከዝርዝሩ እንዳይጎድል ያህል ጥቂት ጣል ያደርጋሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ አለው። ዳጉሳ ደግሞ ከእህሎቹ ሁሉ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ። ማግኒዥየሙ በኦክሳይድ መልክ መቅረቡ ሌላ ጉድለት ነው፤ ርካሹ ቅርጽ እሱ ነው፣ አንጀት የሚቀበለው ግን በጣም ትንሹን ነው። ሲትሬት የሚል ከተጻፈ ይሻላል።

ባዮቲኑ ከዕለት ፍላጎቱ (30 ማይክሮግራም) ከ160 እጥፍ በላይ ነው። «ለፀጉር» የሚለው የፊት ጽሑፍ የሚደገፈው በዚህ ነው፤ ባዮቲን ያልጎደለበት ሰው ፀጉር ግን በዚህ አይበቅልም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከፍተኛ ባዮቲን የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራንና የልብ ጉዳትን የሚያሳየውን የትሮፖኒን ምርመራ ውጤት ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ ዲ ኤ) እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለምርመራ ደም ለመስጠት የሚሄድ ሰው የሚወስደውን ቫይታሚን ለላብራቶሪ ባለሙያው መንገር አለበት፤ ባለሙያው ባይጠይቅም እንኳ።

ቢ6 ላይ የቁጥጥር አካላት አይስማሙም። የአሜሪካ የላይኛ ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 12 ሚሊግራም አውርዶታል። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ብዙ ቢ6 የእጅና የእግር ነርቭን ስለሚጎዳ ነው፤ ምልክቱ መደንዘዝና መውረር ነው። የዕለት ፍላጎቱ 1.3 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ 25 ሚሊግራም የሚያስወስድ ምክንያት የለም። ይባስ ብሎ የሚደነዝዘው ሰው «ለነርቭ» ተብሎ ሌላ የቢ ቫይታሚን ሲጨመርለት ይታያል።

ዚንክ 25 ሚሊግራም ያለ መዳብ መቅረቡ የቀመሩን ድክመት ያሳያል። ብዙ ዚንክ ለወራት ሲወሰድ አንጀት መዳብ እንዳይቀበል ያደርጋል፤ የመዳብ እጥረት ደግሞ የደም ማነስና የነርቭ ችግር ያመጣል። ወንድ 11፣ ሴት 8 ሚሊግራም ዚንክ ይበቃቸዋል፤ የአሜሪካ ጣሪያው 40 ነው። ዚንኩ ከ15 በላይ ከሆነ አንድ ሚሊግራም ገደማ መዳብ አብሮ መኖሩን ይመልከቱ።

ቢ12 100 ማይክሮግራም ያስደነግጣል፤ ከዕለት ፍላጎቱ 2.4 ጋር ሲተያይ ከ4,000 በመቶ በላይ ነው። ይህ ግን አይጎዳም። አንጀት በአንድ ጊዜ በዋናው መንገዱ የሚቀበለው ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው የሚሰርገው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ቁጥር ትልቅ ጥቅም የማይሆነው ለዚህ ነው። ክኒኑ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ሽንት ደማቅ ቢጫ መሆኑም ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ቢ2 ነው፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ወጥቶ እንጂ በሽታ አይደለም።

ቫይታሚን ኤ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሬቲኖሉ በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም፤ ነፍሰ ጡር ላይ ትርፍ ሬቲኖል ፅንሱን ያጎድላል። ከዕፅዋት የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለሚያጨስ ሰው ግን በክኒን የተወሰደ ብዙ ቤታ ካሮቲን አይሆንም። በፊንላንድና በአሜሪካ የተካሄዱ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በቀን 20 እና 30 ሚሊግራም የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ከፍ ብሎ አግኝተዋል። ማንጎና ካሮት ላይ ያለው ይህን አያደርግም።

ማዕዱ የሚሰጠውና የሚነፍገው

ቫይታሚን ሲ ለባሕር ዳር ሰው በጠርሙስ የሚገዛ ነገር አይደለም። ዘይቱን በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ የቀን ፍላጎት ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ነው። አንድ ዘይቱን ውሃ ውስጥ የሚፈላው የ«1,000 ሚሊግራም» ክኒን ያለውን ቁም ነገር ይሠራል፤ አንጀት በአንድ ጊዜ ከአንድ ግራም በላይ ሲገባበት ከግማሽ በታች ነው የሚቀበለው፣ የቀረው ተቅማጥ ሊያስነሳና የኩላሊት ጠጠር ወዳለበት ሰው ደግሞ ጭነት ሊሆን ይችላል። ማንጎውና ፓፓያው ቫይታሚን ኤም ይጨምራሉ።

ብረት ላይ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው ይባላል፤ በላብራቶሪ የሚለካው ብረት ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ያ ደግሞ ለሰውነት ብዙም አይደርስም። እህሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ውሕድ ይታሰራል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የቦካ እንጀራና ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ እኩል አይደሉም። ሌላው ለውጥ ሩዙ ነው። ከፎገራ የሚመጣው ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር የእንጀራው ዋጋ ይቀንሳል፤ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ግን ብረቱንም ቢ1ንም ከቅርፊቱ ጋር ጥሎ የመጣ ስለሆነ፣ ቅልቅሉ በሩዝ በኩል ባደላ ቁጥር ማዕዱ ይሳሳል። ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ያንን ያካክሳሉ፤ ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮ ሲቀርብ ደግሞ ከዕፅዋት የሚመጣው ብረት በተሻለ ይሠርጋል።

ከዚያ ቡናው አለ። የዘጌ ይሁን የሌላ፣ ቡና ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲጠጣ የብረቱን መሥረግ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሻይ ከዚያም ይብሳል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ግን ይህ ችግር የለበትም። የቁርስ ቡና ላይ ብረት ያለውን ክኒን የሚውጥ ሰው ለክኒኑ የከፈለውን ከፊሉን ለቡናው እየሰጠ ነው። ቡናው ሦስት ዙር የሚሄድበት ቤት ከሆነ ክኒኑን ወደ ምሳ ወይም ወደ ራት ማዞር ነው።

ለወንድ የዕለት ብረት 8 ሚሊግራም ነው፤ ወር አበባ ለምታይ ሴት 18። ስለዚህ «ለወንዶች» የሚለው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ብረት የሌለው በስህተት አይደለም። ወንድ ላይ የደም ማነስ ከታየ መልቲቫይታሚን መግዛት መልስ አይሆንም፤ ደሙ የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ጣና ዳር በእርሻና በዓሣ ሥራ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ቢልሃርዚያ፣ በባዶ እግር የሚሄድ ደግሞ የመንጠቆ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ሁለቱም ደም ያሳጣሉ። ሰገራ መርምሮ ትሉን ሳያጠፉ ብረት መስጠት በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በነገራችን ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ሴት ልጅ ላይ 12 የሚባለው የሄሞግሎቢን መለያ እዚህ ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ 12.2 የወጣላት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ብቻ መሸኘት የለባትም።

ቢ12 ከጾም ጋር አብሮ ይነሣል። ቢ12 በዕፅዋት ውስጥ የለም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ውስጥ ነው ያለው። ጾም ብቻውን ግን እጥረት አያመጣም፤ ጤነኛ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ይይዛልና፣ 55 ቀን የጾመ ሰው በፍስክ ወተትና ሥጋ ከበላ ይሞላዋል። አደጋው ያለው በፍስክም በኑሮ ውድነት የእንስሳ ምግብ የማይደርስባቸው ሰዎች፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። 100 ግራም የበሰለ ቀረሶ ሁለት ማይክሮግራም ገደማ ቢ12 ይሰጣል፤ በፍስክ ቀን አንድ ሰሐን ዓሣ ለብለብ የቀኑን ይሸፍናል። እዚህ ላይ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲበዛ የቢ12 እጥረትን ይደብቀዋል፤ የደም ማነሱ ይሻላል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። የፎሊክ አሲድ ጣሪያ በቀን 1,000 ማይክሮግራም የሆነው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ «680 ማይክሮግራም ዲ ኤፍ ኢ» የሚል ካለ አይደንግጡ፤ ያው 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በሌላ መለኪያ ነው።

ቫይታሚን ዲ ፀሐይ ለሞላባት ከተማ ምን ያደርጋል ይባላል። ቀኑን ቢሮና ሱቅ ውስጥ ለሚያሳልፍ፣ ሰውነቱን ሸፍኖ ለሚሄድ ወይም ለአረጋዊ ሰው ያደርጋል። የዕለት ፍላጎቱ 15 ማይክሮግራም፣ ከ70 ዓመት በላይ 20፤ ጣሪያው 100። አዮዲን ግን ጨው ውስጥ መግባት አለበት፤ ጨው ያለ አዮዲን እንዳይሸጥ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ስለሚተን ጨውን ክፍት አድርጎ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ወጡ ገና ሲጣድ መጨመር ይጎዳዋል።

«ሌሎች ንጥረ ነገሮች» የሚለው መስመር

ከሰንጠረዡ በታች ያለው ይህ መስመር ክኒኑን ክኒን ያደረጉትን ይዘረዝራል። ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ መሙያ ነው፤ ክሮስካርሜሎስ ሶዲየም ሆድ ውስጥ እንዲፈርስ ያደርጋል፤ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ እንዳይጣበቅ፤ ማግኒዥየም ስቴሬት ማሽኑ ላይ እንዳይያዝ። ኢንተርኔት ላይ ስቴሬትን መርዝ የሚያደርጉ ብዙ አሉ። አንድ ክኒን የሚይዘው ጥቂት ሚሊግራም ነው፣ ስቴሪክ አሲድም ሥጋና ቅቤ ውስጥ ሞልቶ አለ። ስጋቱ መሠረት የለውም።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ሌላ ነው። ክኒኑን ነጭና አንጸባራቂ ከማድረግ ሌላ ሥራ የለውም፤ በአውሮፓ ጽሑፍ ኢ171 ይባላል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ዘረ መልን ላለመጉዳቱ ዋስትና የለም ስላለ፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ወጥቷል። በአሜሪካ እስከ አንድ በመቶ ክብደት ይፈቀዳል። በየቀኑ ለሚወሰድ ነገር ያልያዘው ካለ እሱን መምረጥ ተገቢ ነው። ሰው ሠራሽ ቀለሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ቢጫው ታርትራዚን (ኢ102) ያለባቸው ምግቦች አውሮፓ ውስጥ የሕፃናትን ትኩረት ሊያውክ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጠፍባቸዋል። ቀዩን ቁጥር 3 አሜሪካ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከምግብና ከሚዋጡ መድኃኒቶች እንዲወጣ ወስናለች። የክኒን ቀለም ለጤና የሚጨምረው የለም።

ካፕሱልና ለስላሳ እንክብል የሚሠሩበት ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ጽሑፉ ላይ «ጄላቲን» ብቻ ካለ ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቤት ይህንን ይጠይቃል፤ ሃላል የሚል ምልክት ወይም «የበሬ» የሚል ቃል ይፈለጋል። ሃይፕሮሜሎስ የሚል ከሆነ ካፕሱሉ ከዕፅዋት ነው። ዲ3 አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት ይሠራል፤ በጾም እንዴት ይሁን የሚለው ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ውሃ ውስጥ የሚፈሉት ክኒኖች እንዲፈሉ የሚያደርጋቸው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። አንዱ ክኒን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ያስቀመጠው ወሰን 2,000 በመሆኑ፣ ደም ግፊት ያለበትና ጨው ቀንስ የተባለ ሰው በአንድ ብርጭቆ የወሰኑን አንድ አምስተኛ ሊጠጣው ይችላል። ከረሜላ መሰሎቹ ደግሞ ስኳር አላቸው፣ ጣዕሙ ስለሚበላሽ ብረት አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፤ ብረት ፈልጎ እነሱን የሚገዛ ሰው ያላገኘውን ይገዛል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው

ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዥየም አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ ይይዟቸዋል። ፀረ ባክቴሪያው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሆነ መድኃኒቱን ከክኒኑ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት አሳልፎ መውሰድ ነው፤ ሌላው ፀረ ባክቴሪያ ዶክሲሳይክሊንም ከክኒኑ መራቅ ይፈልጋል። ለእንቅርት ዕጢ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን አራት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ይህ ይበልጥ ይጠቅማል፦ ዶሉቴግራቪር በባዶ ሆድ ከብረት ወይም ከካልሲየም ጋር ሲዋጥ መጠኑ ይወርዳል። መፍትሔው ሁለቱንም ከምግብ ጋር አንድ ላይ መውሰድ፣ አለያም መድኃኒቱን ሁለት ሰዓት ማስቀደም ወይም ስድስት ሰዓት ማዘግየት ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ያለውን ክኒን ለሐኪሙ ሳይናገር መጀመርም መተውም የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ኢሶኒያዚድ ላይ ያለ ሰው ቢ6 የሚሰጠው ከጤና ጣቢያው ነው፤ ሁለት ሚሊግራም ያለው መልቲቫይታሚን ያንን አይተካም።

ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለውን ክኒን እየወሰደች ከዘመድ የመጣ «ለነፍሰ ጡር» ጠርሙስ ላይ 27 ሚሊግራም ብትጨምር በቀን 87 ይሆናል። ብዙዎቹን የሚያጋጥማቸው የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽ ከዚህ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱንም ይተዋሉ። ጠርሙሱን ይዛ ሄዳ አዋላጇን ታሳያት፤ አንዱ ይበቃል። ፎሊክ አሲዱ ግን ዘግይቶ ከተጀመረ ዋናው ጥቅሙ ያልፋል፤ የፅንሱ የሕብለ ሰረሰር ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ። ለመውለድ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ትጀምር።

ሱቁ ውስጥና ቤት ውስጥ

«በኤፍ ዲ ኤ የጸደቀ» የሚል መልቲቫይታሚን ሲያጋጥም መጠርጠር ነው። የአሜሪካው አስተዳደር ተጨማሪ ንጥረ ምግቦችን ገበያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት አያጸድቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕጋቸው ያንን አይጠይቅም። በጠርሙሱ ላይ «ዩ ኤስ ፒ ቬሪፋይድ» የሚል፣ የመድኃኒት ጥራት መለኪያ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት ምልክት ካለ ግን ትርጉም አለው፦ ውስጡ ያለው ከጽሑፉ ጋር መስማማቱ፣ መሟሟቱና ከከባድ ብረቶች መጽዳቱ ተመርምሯል። የምድብ ቁጥር፣ የአምራች አድራሻና ያልተነካ ማሸጊያ የሌለው ጠርሙስ ከየትም ይምጣ አይገዛ። የማብቂያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 05/2026 ማለት እስከ ግንቦት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

አብዛኛው ክኒን ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ባሕር ዳር በሚያዝያ የከሰዓቱ ሙቀት ከዚያ ያልፋል፤ ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መስኮት ላይ ለወራት የቆመ ጠርሙስ ቫይታሚን ሲ፣ ኤና ቢ1 እየተቀነሰበት ነው። በክረምት ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ይመጣል። ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ጥሩ ቦታ አይደሉም፤ ማቀዝቀዣም አይደለም፣ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛልና። ጨለም ያለና ደረቅ ቁም ሣጥን ይሻላል። ውስጡ ያለችው ትንሽ የሲሊካ ከረጢት እርጥበት ስለምትጠጣ አትጣል። በእጅ መዳፍ አፍስሶ የተረፈውን መልሶ መክተት የእጅን ላብ ይዞ ይገባል፤ በክዳኑ መቅዳት ነው። ክኒኑ ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ካበጠ ወይም ፈሊው ከቱቦው ሳይወጣ ከተጣበቀ መወርወር ነው።

ሌላው የቁም ሣጥኑ ጉዳይ ልጆች ናቸው። ብረት ያለው ክኒን ቀለሙና ሽፋኑ ከረሜላ ይመስላል። 27 ሚሊግራም ብረት ያለውን 20 ክኒን የዋጠ 10 ኪሎ ሕፃን በኪሎ 54 ሚሊግራም ገብቶበታል፤ መመረዝ ከ20 ይጀምራል፣ ከ60 በላይ ለሕይወት ያሰጋል። መጀመሪያ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ልጁ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው በዚህ ሰዓት ነው፣ ብረቱ ግን ጉበቱን እየጎዳ ነው። የከሰል ዱቄት ብረትን አይዝም፤ ወተት አጠጥቶ ቤት መጠበቅም አይረዳም። ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው፣ ጠርሙሱንና የተረፈውን ክኒን ይዞ። ሐኪሙ ስንት ሚሊግራም እንደተዋጠ የሚያሰላው ከዚያው ከጠርሙሱ ጀርባ ነው።